ቀበቶዬን የታጠቀው ወፍጮ

ከወፍጮ ጋር የግል ጠብ ያለበት ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ አለብኝ። ጠቤ ከወፍጮ ሁሉ ጋር አይደለም። አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ፣ ከነሞተሩ በአንድ የብረት መደብ ላይ ከታሰረ፣ በደርግ ጊዜ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ባሉ የሰፈራ መንደሮች ሲንከራተት ከነበረ ከአንድ ወፍጮ ጋር ብቻ ነው። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ባለቤቴ "ኧረ ተወው፣ ደም ግፊትህን አስብ!" ትለኛለች። አልተውም! ዛሬ እናንተም ትሰሙኛላችሁ። ምድጃ ላይ የጣዳችሁት ነገር ካለ መጀመሪያ አውርዱና ኑ።

ሥራዬ ክትትልና ግምገማ ይባል ነበር። ድርቅ ከወሎ ያፈናቀላቸው፣ በጭነት መኪና ተጭነው እዚያ ጫካ መሀል የሰፈሩ ሰዎች ቃል የተገባላቸውን ነገር ማግኘት አለማግኘታቸውን በዐይን አይቶ መመስከር ነው። ቤት ተሠራ? ውሃ ገባ? ወፍጮ ተተከለ? ሲያወሩት የተከበረ ሥራ ነው። እውነተኛ ትርጉሙን የተማርኩት መስክ ስወጣ ነው። ክትትል ማለት አስተናጋጁ ከፊት ተቀምጦ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሱ ወደ ፈቀደው ቦታ መከተል ነው። ግምገማ ማለት ደግሞ የቀረበልኝ ጥብስ ጨው በዝቶበት እንደሆነ በትሕትና መናገር ነው። ለዚህ ሥራ ውሎ አበል ይከፈለኛል።

በዚያን ጊዜ ዋናው ጉዳይ ወፍጮ ነበር። ለሰፋሪው የሚታደለው ያልተፈጨ በቆሎ ነው። ሴቶቹ የእጅ ወፍጯቸውን ወሎ ትተው ነው የመጡት፤ መኪና ላይ ሲወጡ "ሁሉም ነገር እዚያ ተዘጋጅቶላችኋል፣ ድንጋይ ተሸክማችሁ የት ልትደርሱ ነው?" ተብለው ነበር። ሲደርሱ የተዘጋጀላቸው ዛፍ ነው። ዛፍ በዛፍ ላይ፣ ከዛፉም ላይ ጉሬዛ። ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ በዚያ አካባቢ አይገኝም፤ ቴፒ ድረስ በጭቃ ሄዶ ለማስፈጨት ደግሞ አዳር ይጠይቃል። ስለዚህ በቆሎውን እየቀቀሉ ይበላሉ። ጥርስ ያለው ማለቴ ነው። ጥርሱ ያለቀበት ወይም ገና ያላበቀለ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ቦታ ቅጻችን ላይ አልነበረም።

የሰፈራው አስተባባሪ ጓድ ታደለ ይባላል። በማለዳ ሚዛን ካረፍኩበት ሆቴል ሊወስደኝ ሲመጣ የላስቲክ ቦቲ ተጫምቷል፤ ቦቲው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ አንድም የጭቃ ነጥብ የለበትም። ያን አገር የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ እኔ አልገባኝም። "ጓድ፣ እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። ሦስቱም መንደሮች ወፍጮ ገብቶላቸዋል!" አለኝ፣ ራሱ የላንድሮቨሩን በር እየከፈተልኝ። የመንደሮቹ ስም ሁሉ ብሩህ፣ አዲስ፣ ተስፋ የሚሉትን ቃላት እያገላበጡ የወጣ ስለነበር እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ልበላቸው።

አንደኛው መንደር ስንደርስ ሕዝቡ በሰልፍ ቆሞ ይጠብቀናል። ግራ እጃችንን እያነሳን መፈክር አሰማን፣ አጨበጨብን። ከዚያ ወፍጮውን አሳዩኝ። አዲስ ሣር የለበሰ ዳስ ሥር ቆሟል፤ አረንጓዴ ነው፤ አንገቱ ላይ አበባ አድርገውለታል። ሙሽራ አስመስለውታል።

"ይሠራል?" አልኩ።

"እንዴታ ጓድ! ናፍጣው ብቻ ነው ያልደረሰው፤ ነገ ይገባል።"

እኔም ጻፍኩ። የሞኝነቴን ልክ ታውቁልኝ ዘንድ ልንገራችሁ፤ "በጣም ጥሩ ወፍጮ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቀጥሎ ምሳ ሆነ፤ ገና ረፋድ ላይ! ዶሮው ሲያልቅ ጥብስ መጣ፣ ጥብሱ ሲያልቅ ማር ከነሰፈፉ መጣ። ልነሣ ስል ጓድ ታደለ ትከሻዬን ይዞ ያስቀምጠኛል፤ "በሞቴ፣ ይችን ብቻ!" ይላል። ያን ዕለት ብቻ ስንት ጊዜ እንደ ሞተልኝ! ሰው ምን አጥቶ እንደሚኖር ለማየት የሄድኩት ሰውዬ ከመጥገቤ የተነሣ መተንፈስ አቃተኝ። በዚህ መሀል ከዳሱ በኩል የሰዎች ማቃሰት፣ የብረት መንኳኳት፣ ኋላም የትራክተር ድምፅ ሰማሁ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልማት ነው፣" አለኝ ጓድ ታደለ፣ ሌላ የማር ሰፈፍ እያቀበለኝ።

ወደ ሁለተኛው መንደር ጉዞ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ትራክተር ከነተሳቢው መንገዱ መሀል ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘነው። ተሳቢው ላይ በሸራ የተሸፈነ ጭነት አለ። ማለፊያ የለም። ጓድ ታደለ ትራክተሩን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ወደ ሚዛን ብንመለስ ይሻላል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣" አለኝ። ዝናቡ እኮ ከመጣ ቆይቷል፤ ከሆቴል አብሮን ነው የተነሣው!

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሕዝባዊነት ተሰማኝ። የከተማ ሰው መስክ ላይ ሲወጣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ "ግፉ!" ብዬ ከተሳቢው ኋላ ተለጠፍኩ። የዚያ አገር አፈር ለም ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የትራክተሩ ጎማ ሲሽከረከር በአፌ አረጋገጥኩት። መሀል ላይ ጭነቱን የያዘው ገመድ ተበጠሰና ሸራ የለበሰው ነገር ወደ እኔ ተንሸራተተ፣ ቅልጥሜንም ገጨው።

የትራክተሩ ነጂ ወልዴ ይባላል፤ ከከምባታ ለሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ዝምተኛ ሰው ነው። "ገመድ!" ብሎ ጮኸ። ገመድ የለም። ታዲያ ማን ቀበቶውን ፈታ? እኔ ነኛ! ትልቅ የነሐስ ዘለበት ያላት፣ ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት መርካቶ የገዛኋት የቆዳ ቀበቶ ነበረች። ወልዴ በሸራው ሥር እጁን አስገብቶ ጥርቅም አድርጎ አሰረባት።

"ለመሆኑ ምንድን ነው የጫንከው?" አልኩት፣ ቅልጥሜን እያሸሁ።

ወልዴ ወደ ጓድ ታደለ አየ። ጓድ ታደለ ከላንድሮቨሩ ሳይወርድ በመስኮት መለሰልኝ፤ "የዘር በቆሎ ነው።"

የሰው ቅልጥም የሚልጥ የዘር በቆሎ ያኔ ብቻ ነው ያጋጠመኝ። ቢሆንም ገፋሁ። ትራክተሩ ወጣ፤ ወጥቶም ቀበቶዬን ይዞ በረረ። እኔ ልከተለው ስል ጓድ ታደለ ድንገት አንድ ሊታለፍ የማይገባው የቡና ችግኝ ጣቢያ ትዝ አለው። ወሰደኝ። ችግኞቹን አንድ በአንድ አስተዋወቀኝ ማለት ይቻላል። ሱሪዬን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ እግሬ ከጭቃው ጋር እየደረቀ፣ ስለ ጥላ ዛፍ ጥቅም የተሰጠኝን ማብራሪያ አዳመጥኩ። ከቡና ጋር የተቀያየምኩት ያኔ ነው፤ ከእሱ ጋር ግን ኋላ ታርቀናል።

ሁለተኛው መንደር ደረስን። ሰልፍ አለ፣ መፈክር አለ። ግራ እጄን አነሳሁ፣ በቀኜ ሱሪዬን ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ጉድ ያደረገኝ ጭብጨባው ነው። ሰው በአንድ እጁ እንዴት ያጨበጭባል? አለማጨብጨብ ደግሞ በዚያን ዘመን ከሱሪ መውደቅ የባሰ ነገር ያመጣል። አጨበጨብኩ። ሱሪዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈ። የገረማችሁ እንደሆነ ይግረማችሁ፣ አንድም ሰው አልሳቀም። ከላይ የመጣ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ እንደ መመሪያ ማየት ለምደዋል መሰለኝ፤ አንድ ሽማግሌማ እሳቸውም ማውለቅ ይጠበቅባቸው እንደሆነ በዐይናቸው ጠየቁኝ።

ሱሪዬን ሰብስቤ ወደ ዳሱ ሄድኩ። አዲስ ሣር የለበሰ ዳስ ነው። ከሥሩ ወፍጮ ቆሟል፤ አረንጓዴ ነው፤ አንገቱ ላይ አበባ አለ። ጎኑ ላይ ጭቃ አለ። ወገቡ ላይ ደግሞ ቀበቶዬ አለች፣ ከነዘለበቷ።

"ይህ ያንደኛው መንደር ወፍጮ ነው!" አልኩ።

"አይደለም ጓድ። ሌላ ነው።"

"ቀበቶዬስ?"

ጓድ ታደለ ቀበቶዋን አየ፣ ሱሪዬን አየ። "ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ይሆናሉ፣" አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ደሜ ፈላ። በእጄ እየገፋሁ፣ በቀበቶዬ እያሰርኩ፣ በገዛ ጉልበቴ የሚሸውዱኝበትን ወፍጮ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ! አፌን ከፍቼ ልሳደብ ስል ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ጌታው፣ ይኸ ነገር ዛሬስ ያድራል ወይ?"

ዞር ስል አንዲት ትልቅ ሴት ቆመዋል። ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለዋል። ሲናገሩ አንድ ጉንጫቸው አብጧል፣ የሆነ ነገር ያኝካሉ። እማማ ዘሀራ ይባላሉ።

"ምኑ እማማ?"

"ወፍጮው ነዋ። ባለፈው እንግዳ ሲመጣ መጣ። እልል ብለን ተቀበልነ። እህሌን ቋጥሬ ብመጣ እንግዳው ሄዷል፣ ወፍጮውም ተከትሎት ሄዷል።"

ይህን ብለው ያኘኩትን በቆሎ በጣታቸው ከአፋቸው አወጡና ሕፃኑን ወደ ጎን አዙረው አጎረሱት። እኔ ዐይኔን ላዞር አሰብኩ፤ እሳቸው ግን ምንም አላፈሩም።

"የልጄ ልጅ ነው። እናቱን ወባ ወሰደብኝ። ሌላው ቅቅሉን ይቆረጥማል፣ ይኸ በምኑ ይቆርጥም? እዚህ መንደር ያለው ወፍጮ እኔው ነኝ።" አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ይነቃነቃሉ። "እሊህ ያለቁ እንደሆነ የልጁ ነገር ምን ይሆናል? በሉ እስቲ እሱን ንገሩኝ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ የተናደድኩት ለቀበቶዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀበቶዬን ረሳሁ፤ ሱሪዬን መያዝም ልረሳ ነበር። ለሦስት መንደር አንድ ወፍጮ ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ ድህነት ነው ይባላል። ያለውን አንዱን ወፍጮ ለመፍጫ ሳይሆን ለማሳያ ማዋል ግን ምን ይባላል? ስሙን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። ያገኘሁለትን ስም ደግሞ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

"ይፍጭ!" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"ወፍጮው ይፍጭ! ሲፈጭ ካላየሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

"ጓድ፣ ናፍጣ እኮ…"

"ናፍጣ አለ፣" አለ አንድ ድምፅ። ወልዴ ነው። ከትራክተሩ ወርዶ የጎማ ቱቦ በእጁ ይዟል። ጓድ ታደለ ዐይኑን አፈጠጠበት። ወልዴ አላየም፣ ወይም አይቶ ተወው። "ሰለቸኝ ጌታዬ። እንግዳ መጣ፣ ጫን። እንግዳ ሄደ፣ አውርድ። ወገብ የለኝም አሁን። ይህን ብረት ስንት ጊዜ ተሸከምኩት፣ አንድ ቀን ሲፈጭ አላየሁም። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።"

ቱቦውን ትራክተሩ ሆድ ውስጥ ከተተ፣ በአፉ ሳበ፣ ተፋ፣ ናፍጣውን ወደ ጀሪካን ለቀቀው። "ይበቃል!" ቢለው ጓድ ታደለ፣ ወልዴ "ሞተሩ አዲስ ነው፣ ብዙ ይጠጣል" እያለ የመጨረሻዋን ጠብታ እስኪያወጣ አላቆመም። ትራክተሩ ባዶውን ቀረ።

ሞተሩ ተነሣ። መሬት ላይ አልተተከለም፤ ለመጫን እንዲመች እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እንደ ወጠጤ ፍየል መዝለል ጀመረ። የመንደሩ ወንዶች በአራት ማዕዘን ተንጠለጠሉበት። እኔም በአንድ በኩል ተንጠለጠልኩ፤ ሱሪዬን አንድ ሰው ከኋላዬ ያዘልኝ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ባለበት እግዜር ይስጠው። የመጀመሪያው ዱቄት ዝገትና አረንጓዴ ቀለም ሆኖ ወጣ፤ ተደፋ። ቀጥሎ የወጣው ነጭ ነበር። እማማ ዘሀራ በጣታቸው ነካ አድርገው ምላሳቸው ላይ አደረጉት፣ ሳያኝኩ ዋጡት። ከዚያ እልል አሉ። ለእኛ አቀባበል ያሉት እልልታ አልነበረም ይሄኛው።

ሴቱ ሁሉ ወደየቤቱ ሮጠ። በቅል የያዘ፣ በነጠላ ጫፍ የቋጠረ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ያዘለ፣ ዳሱን ሞላው።

"በቃ፣ አይተናል፤ አቁም!" አለ ጓድ ታደለ።

"የሰው እህል አፉ ውስጥ ሆኖ ወፍጮ ይቆማል እንዴ ጓድ?" አለ ወልዴ። ይህን በወፍጮ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጀመሩትን የሰው እህል መሀል ላይ ማቆም ነውር ነው። ጓድ ታደለም ያውቀዋል መሰለኝ ወደ ሞተሩ የዘረጋውን እጁን መለሰ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። የአንዷ እህል ሊያልቅ ሲል ሌላዋ ከላይ ትጨምራለች፤ የወፍጮው አፍ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ጠፋ። ጓድ ታደለ ዳሱን ቢዞር ቢዞር የሚያቆምበት ክፍተት አላገኘም።

በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ሳበኝ። ከዚህ በኋላ እርስዎ መባሌ ቀረ። "አንተ ሰውዬ፣ ሦስተኛው መንደር ምን ላሳይህ ነው?"

"ባዶውን አሳየኝ!" አልኩት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አሳየኝ። ሰልፉ አለ፣ ዳሱ አለ፣ አበባው ተዘጋጅቶ በአንዲት ሴት እጅ ላይ ይጠወልጋል። ወፍጮ የለም። ሰዎቹ ከመኪናችን ኋላ መንገዱን ያያሉ። አንድ አዛውንት ቀረብ አሉኝና በጆሮዬ፣ "ጌታው፣ ወፍጮውሳ? ዛሬ ምን ገጥሞት ቀረ?" አሉኝ። ጓድ ታደለ ከጎኔ ቆሞ፣ "በል መልስላቸው እንጂ፣" አለኝ። የእነሱን ወፍጮ የቀማሁ መሰለኝ፤ ግን ፈጭቶላቸው የማያውቀውን ነገር ምን ብዬ ነው የምቀማቸው?

አዲስ አበባ ተመልሼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ሦስት ዳስ፣ አንድ ወፍጮ፣ እሱም እማማ ዘሀራ ዘንድ ያደረው ትራክተሩ ናፍጣ አጥቶ እንጂ በመመሪያ አይደለም አልኩ። ብዙም አልቆየ፣ ስብሰባ ተጠራ። እኔ የሂስ አጀንዳ ሆኜ አረፍኩት! የፕሮጀክቱን ትራክተር ሥራ አስፈትተሃል፣ የመስክ ሠራተኞችን ሞራል ነክተሃል፣ ሱሪህን በሕዝብ ፊት አውርደሃል ተባልኩ። ሦስተኛው እውነት ስለነበር ሌሎቹንም መካድ አልተመቸኝም። ከክትትልና ግምገማ ተነሥቼ የጽሕፈት መሣሪያ ዕቃ ቤት ተመደብኩ። እርሳስ ስቆጥር ከረምኩ። እሱስ ይሁን፣ አንድ መንደር ወፍጮ አግኝቷል እያልኩ እጽናና ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለበዓል ተብሎ የመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ የፎቶግራፍ ትርዒት ተከፈተ። የሰፈራው ውጤት ነው የሚታየው። እኔም እንደ ሰው ገባሁ። ሦስት ትልልቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው የአንደኛው መንደር ወፍጮ፣ የሁለተኛው መንደር ወፍጮ፣ የሦስተኛው መንደር ወፍጮ ይላል። ሦስቱም ወፍጮዎች ወገባቸው ላይ ቀበቶዬን ታጥቀዋል። ለመፍጫ ያልተገኘው ናፍጣ ከመንደር መንደር ለማዞሪያ ተገኝቷል።

"ያቺ ቀበቶ የኔ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። የቀድሞ አለቃዬ መጥቶ ከፎቶው ፊት ገለል አደረገኝ። "የጠፋብህ ንብረት ካለ ማመልከቻ አስገባ፣" አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት የመሀለኛው ፎቶ ላይ ዐይኔ አረፈ። ከወፍጮው ኋላ ሕዝቡ ተደርድሮ ወደ ካሜራው ይስቃል። ጥግ ላይ እማማ ዘሀራ ቆመዋል፤ ልጁ ጀርባቸው ላይ ነው። እሳቸው አይስቁም። አንድ ጉንጫቸው አብጧል። እያኘኩ ነው።